አንደኛ እንዳትወጣ

ዛሬ አየር ጤና መንገድ ስሻገር የትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን ሲነፋ እግሬ ሳላዘው ቀስ አለ።

በደርግ ጊዜ፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ፣ ኮልፌ ለቀበሌያችን የወጣቶች ክለብ እሮጥ ነበር። የክረምቱ ውድድር ዋዜማ አሰልጣኛችን ጋሽ ታደሰ ስማችንን፣ ዕድሜያችንንና ቁመታችንን በወረቀት መዘገቡ። ለእናቴ ስነግራት የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠች።

"ለሩጫ ቁመት ምን ያደርጋል?" አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ነገ አንደኛ እንዳትወጣ።"

ጎረምሳ ለጦር ግንባር እየታፈሰ ነው ይባል ስለነበር ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም።

በማግስቱ በዚያ ሁሉ ጭቃ ስመራ ቆይቼ መጨረሻው ሲቃረብ ቀስ አልኩ። የሚያልፈኝ ግን ጠፋ። ዞር ስል አንዱ ጎኑን ይዟል፣ ሌላው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል።

"ምን ነካችሁ? ሩጡ እንጂ!" ይላሉ ጋሽ ታደሰ፣ ፊሽካቸውን እየነፉ።

ከሁላችንም ፈጣኑ የእሳቸው ልጅ ነበር። ያን ቀን ገና ከመነሻው እያነከሰ መጨረሻ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ግን ኳስ ሲያሳድድ አየሁት።

"አባባ፣ ይለፉ እንጂ!" አለኝ ትራፊኩ። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት፣ በእጁ ወረቀት መያዝ አለመያዙን ነው።