የሳሚራ ካልኩሌተር

ሳሚራ ኢስሐቅን መርሳ ውስጥ የማያውቅ የለም። አባቷ ሽንኩርት ሲሸጡ ነጋዴው ስልኩን ከኪሱ ሳያወጣ እሷ መዳፏ ላይ በእስክርቢቶ ጫር ጫር አድርጋ መልሱን ትነግረዋለች። ልክ ናት ደግሞ!

በሐምሌ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ማትሪክ አልፋ ኢንጂነሪንግ ልትማር ደቡብ ያለ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ጦርነቱ ወደኛ እየመጣ ነው ይባላል። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ እስከ አርብ ያልተመዘገበ አልቀበልም ብሏል። በዚህ መሀል ካልኩሌተር ምረጥልኝ ብላ ወደኔ መጣች።

እኔ በጀብሪል ሱቅ ተቀጥሬ ስልክ ነው የምጠግነው። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፣ ግን ስለ ዕቃ ከጠየቃችሁኝ ማን ያስቆመኛል! ሦስት ዓይነት ካልኩሌተር ደረደርኩላት።

"ይቺ የሱቅ ናት፣ ሳይን ኮሳይን የላትም፣ ይስቁብሻል። ይቺኛዋ አላት፣ ግን ያለ ባትሪ አትሠራም፤ በዚህ ጦርነት ባትሪ ከየት ታመጫለሽ? ይቺን እያት! ክፍልፋይን ልክ እንደ ደብተር ጽፋ ነው የምታሳይሽ። ላይዋ ላይ ሶላር አላት፣ በፀሐይ ነው የምትሠራ።"

"ፈተና ላይ አይቀሙኝም?"

"የሚከለክሉት ግራፍ የምትስለዋን ነው። ይቺን ማንም አይነካብሽ።"

"ወላሂ አንተ ብትማር መምህር ይወጣህ ነበር" አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ረቡዕ ጠዋት ተሳፈረች። ከመርሳ ወጣ ሲሉ ኬላ አለ። ያኔ ሰርጎ ገብ ገብቷል ስለተባለ ወጣቱ ዱላና ገጀራ ይዞ መንገድ ይፈትሻል፤ እኔም ተራዬ ሲደርስ እወጣ ነበር። የኬላው አለቃ ሙላት ሻንጣዋን ፈትቶ ካልኩሌተሯን አገኘ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ካልኩሌተር።"

"ካልኩሌተርማ እናውቃለን፣ አክስቴ ሱቅ አለ! ይሄ ሁሉ ፊደል ምን ይሠራል? ይሄ መስታወትስ?"

እሷም ከኔ የሰማችውን ነገረቻቸው፦ ሶላር ነው፣ በፀሐይ ነው የሚሠራ። በቃ፣ የሳተላይት መገናኛ ነው ተባለ። መኪናው ጥሏት ሄደ። እሷንም ዕቃውንም ይዘው ወደኛ ሱቅ መጡ። ጀብሪል ዕቃ ሊያመጣ ወልድያ ሄዷል፣ ብቻዬን ነኝ።

"አንተ የዕቃ ሰው ነህ" አለኝ ሙላት። "ይሄን ታውቀዋለህ?"

ኋላው ሠላሳ ሰው ቆሟል። ሳሚራ እኔን ስታይ ፊቷ በራ፣ ፈገግ ሁሉ አለች። እኔ ግን የታየኝ ከኛ ማዶ ያለው ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ማክሰኞ ለጠላት ካርድ ይሞላል ብለው ደብድበውታል። እኔ ነኝ የሸጥኩላት ብል ቀጣዩ እኔ ነኝ።

"ቁጥር ማስያ... ይመስለኛል" አልኩ።

"ይመስልሃል?"

"እርግጠኛ አይደለሁም።"

"ከየት አመጣችው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

ያ የማይዘጋ አፌ ያን ቀን ተዘጋ። የሳሚራ ፈገግታ ጠፋ። ውስጡ ምን እንዳለ እንይ ብለው ሱቁ ደጃፍ ላይ በድንጋይ ቀጠቀጡት። እሷን ቀበሌ አሰሯት። ጋሽ ኢስሐቅ ሽማግሌ ይዘው ለምነው ቅዳሜ አስፈቷት። አርብ አለፈ። ወዲያው ጦርነቱ መርሳ ገባ፣ መንገዱም ተዘጋ። ነፃ ወጥተን ዩኒቨርሲቲው ጋ ስትደውል ቦታሽ ለሌላ ተሰጥቷል አሏት።

አሁን ከአባቷ ጋር ሽንኩርት ትሸጣለች። ባለፈው ጀብሪል ያችኑ ዓይነት ካልኩሌተር አመጣ። አንዷን ይዤ ገበያ ሄድኩ።

"ሳሚራ፣ ያችው ናት! ሶላር ያላት! እንደገና ተፈተኚ፣ አሁን እኮ መንገዱ ክፍት ነው፣ ክፍልፋይ እንኳ..."

ብዙ አወራሁ። እስክጨርስ ሽንኩርቷን መዘነች። ከዚያ ቀና አለች።

"እርግጠኛ ነህ፣ ካልኩሌተር ናት?"

 እስክርቢቶዋን አውጥታ የገበያተኛውን ሒሳብ መዳፏ ላይ ሠራችለት። ከዚያ እንደማታውቀኝ ሁሉ ወደኔ ዞረች።

"አንተስ፣ ስንት ኪሎ ልመዝንልህ?"