ሸጋን የቀባሁ ቀን

ልጅ ሳለሁ ከጅብም ከእባብም አብልጬ የምፈራው ግማሽ ተረት ነበር። ይህ ፍርሃት የገባብኝ አባቴ አስተማሪ ሆኖ ከጂንካ ወደ ኮልቾ በተመደበ ጊዜ ነው። መንደሩ ያለው ገደሉ አናት ላይ ነው፤ ውኃው ደግሞ ታች፣ ኦሞ ወንዝ። ይዘናት የሄድነውን አህያ የወንዝ ዳር ዝንብ ነድፎ በገንዲ በሽታ ገደለብንና፣ አባቴ ሁለተኛዋን አህያ፣ ሸጋን፣ እስኪገዛ ድረስ እናቴ ጀሪካኑን በጀርባዋ ተሸክማ ያን አቀበት ስትወጣ ከረመች። ወገቧን ይዛ ስታቃስት መስማት ያስጨንቀኝ ነበር። ስለዚህ ሸጋ ላይ ዝንብ ባየሁ ቁጥር ሮጬ አባርር ነበር።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ቢዋ የመንደሩ ተወላጅ፣ የካራ ብሔረሰብ ሽማግሌ ነበሩ። ያኔ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በር ላይ እሳት ያነዱና፣ እንጨቱ ጢሱን ጨርሶ ፍም ሲሆን ፋኖሱን ምሰሶው ላይ ሰቅለው፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው ለእኛ ለልጆች ተረት ያወሩልን ነበር። አንድ ክፉ ልማድ ግን ነበራቸው፤ ተረት በአንድ ምሽት አይጨርሱም። ልክ ጆሯችን ሲቆም ትንሿን በርጩማቸውን አንስተው፣ ተረትም እንደ እንግዳ ማደር አለበት ብለውን ይሄዳሉ።

አንድ ምሽት የጀመሩልን ስለ ሜዳ አህያ ነበር። ድሮ የሜዳ አህያ እንደ ሸጋ ባለ አንድ ቀለም፣ ሰው ቤት የሚያድር አህያ ነበር አሉን። ዝንብ ደሙን መጥጦ ሊጨርሰው ሲል ወንዝ ወረደና ለጭፈራ ገላውን በነጭ አፈር የሚቀባ ጎልማሳ አገኘ። እኔንም ቀባኝ ብሎ ለመነው፤ ጎልማሳውም ጣቶቹን ጭቃው ውስጥ እየነከረ ከአንገቱ እስከ ጭራው አሰመረበት። ዝንቦቹ መጡ፣ ዞሩት፣ የሚያርፉበት ጠፋባቸውና ተመለሱ። ጋሽ ቢዋ እዚህ ላይ በርጩማቸውን አነሱ።

እኔ ግን የምፈልገውን ሰምቼ ነበር። በማግስቱ ከትምህርት መልስ ሸጋን ውኃ ላጠጣ ብዬ ይዣት ወረድኩና፣ ነጭ አፈር በጣሳ በጥብጬ በአራት ጣቶቼ መላ ገላዋን አሰመርኩት። ጭቃው ሲቀዘቅዛት ቆዳዋ ይንቀጠቀጣል፤ እሷ ግን ጆሮዋን ጥላ ቆመችልኝ። ዝንቦቹ መጡ፣ ዞሩ፣ ሄዱ። በዓይኔ አየሁ። እናቴን ከጀሪካን ያዳንኳት መስሎኝ፣ ሸጋ እዚያው እንድትግጥ ለቅቄያት የተረቱን ቀሪ ልሰማ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ጋሽ ቢዋ ፍሙን እየቆሰቆሱ ቀጠሉ።

«ዝንብ ሄደ። አህያ ደስ አለው፣ ሲመሽ ወደ ቤት መጣ። ጌታው አየው፣ አላወቀውም። አውሬ ነው አለ፣ ጦር አነሳ። አህያ ‹እኔ ነኝ› ይላል፤ ጌታው አይሰማም። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ጫካ የሚያድር።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ እጄን አየሁት፤ ነጩ አፈር ጥፍሮቼ ሥር ደርቋል። የተረቱ ግማሽ እውነት መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ታዲያ ቀሪው ለምን ውሸት ይሆናል? በዚያ አገር ደግሞ ጎልማሳ ያለ ጠመንጃ ከቤቱ አይወጣም። ልናገር ብድግ አልኩ። አፌን ስከፍት ከወንዙ በኩል ተኩስ ተሰማ።

«ሸጋ ናት» አልኩ። «እኔ ቀባኋት።»

ጋሽ ቢዋ አልተቆጡኝም። ፊታቸው ፋኖሱ ሥር አመድ መሰለ። ትልቅ ሰው እንዲያ ሲደነግጥ አይቼ ስለማላውቅ ከተኩሱ ይበልጥ ያስፈራኝ እሱ ነበር። በቋንቋቸው እየጮኹ ገደሉን ወረዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ታች የእህታቸው ልጅ ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል። የመጀመሪያውን ስቷል፤ ሁለተኛውን ሊተኩስ ሲል ነበር ድምፃቸውን የሰማው። ሸጋ ግን ጫካ ገብታለች፤ በዚያ ምሽት ብንጠራት፣ ብንጠራት አልወጣችም። እናቴ ባዶውን ጀሪካን ለነገ በሩ ሥር አቆመች።

ጎህ ሲቀድ ሸጋ በራችን ላይ ቆማ ተገኘች። ጭቃው ተሰነጣጥቆ ግማሹ ረግፏል። አባቴ ገመዷን ሲይዝ ዝም አለችው፤ እናቴ ስትዳብሳትም አንገቷን ሰጠቻት። እኔ እጄን ስዘረጋ ግን ወደ ኋላ አፈገፈገች። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ውኃ አመላለሰችልን፤ ከእጄ ግን ዳግመኛ አልበላችም። ጋሽ ቢዋም ተረት ማሳደር ተዉ፤ እናቶቻችን ለእራት እየተጣሩ እንኳ ይጨርሱልን ነበር።

አሁን የምኖረው ጂንካ ነው። መብራት የጠፋ እንደሆነ ሻማ ለኩሼ ለልጄ ይህንኑ ተረት እነግራታለሁ፤ ሁልጊዜ የምጀምረው ግን ከመጨረሻው፣ ጌታው ጦር ካነሳበት ነው። «እንዲህማ አይጥምም፣ እማዬ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ አይጥምም። እኔም እያወራሁ፣ ሳይታወቀኝ፣ እጇን ገልብጬ ጥፍሮቿ ሥር አያለሁ።