የደቫያኒ ሠላሳ አገሮች

ጎረቤቴ ደቫያኒ ከፖስታ ቤት ጡረታ በወጣች በሳምንቱ ለራሷ ቃል ገባች፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሠላሳ አገር ሠላሳ መጽሐፍ ልታነብ። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው አገር ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ ስትደረድር ኖራ፣ ውስጡ ምን እንዳለ አንድም ቀን አላየችም። «አሁን ተራዬ ነው» አለችና የአገሮቹን ስም ጽፋ የወጥ ቤቱ በር ላይ ለጠፈች።

ባሏ አቹታን በዚያ በር ባለፈ ቁጥር ሳይተነኩሳት አይቀርም። «ዓሣው ሲያር ቱርክ ነበርሽ። ሩዙ ሲያርስ የት ልትሆኚ ነው?»

«አንተ የሌለህበት አገር» ትለዋለች፣ ዓይኗን ከመጽሐፉ ሳትነቅል።

እንግሊዝኛዋ ደከም ያለ ስለሆነ የምታነበው ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋችን ወደ ማላያላም የተተረጎመውን ነው። ዝናቡ እስኪገባ አሥራ ሰባት አገር ሰረዘች። ግን ፊቷ ላይ ደስታ አላየሁም።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት አንድ ቀን፣ በረንዳዋ ላይ ካሳቫ እየላጥን።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኑብኝ! የፖላንዱ ወታደር ሲከፋው ‹ልቤ እንደ አሮጌ ኮኮናት ደረቀብኝ› ይላል። የቱርኳ መበለትም እንደዚያው። ፖላንድ ኮኮናት አለ እንዴ? ወይስ እኔ ነኝ ማንበብ የማልችለው?»

በማግስቱ ከኡዝቤኮች አገር የመጣውን ልብ ወለድ ጨረሰች። ከቤቷ ኮብልላ የነበረች ልጅ ተመልሳ የአባቷን በር ታንኳኳለች፤ መጽሐፉ እዚያው ላይ ያልቃል። ደቫያኒ በዝናብ ወደ ሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ገሰገሰች፤ እኔም ተከተልኳት።

«ፓቪትራን፣ ገጽ የቀደደ ማነው?»

«ኧረ ማንም አልቀደደም፣ እህቴ። ሲታተምም እንዲሁ ነው።» ቤተ መጻሕፍቱን የሚጠብቀው ፓቪትራን የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ አሳያት። ተርጓሚ፣ ኩንሂራማን ይላል፣ በደቃቃ ፊደል። ካነበበቻቸው አሥራ ሰባት መጻሕፍት ውስጥ ዘጠኙ ላይ ያው ስም ተገኘ።

ሰውዬው ካኑር ከተማ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር መሆናቸውን ሰማን። አውቶቡስ ይዘን ሄድን። ዕድሜያቸው ሰማንያ አልፏል።

«መምህር፣ ኮኮናቱ የእርስዎ ነው?» አለቻቸው ገና ሳትቀመጥ።

ሳቁ። «የኔ ነው። እዚህ ያለው ሰው እንዲገባው ብዬ ነው።»

«ለኡዝቤኳ ልጅስ በሩን ማን ከፈተላት?»

ሳቃቸው ቆመ። «ሁለት ምዕራፍ ይቀር ነበር። አሳታሚው ገጽ በዛ አለኝ። ስለዚህ በሩ ላይ ተውኳት።»

«እስከ ዛሬ ድረስ?»

«መጥቶ የጠየቀኝ ሰው የለማ።»

«እሺ፣ ማን ከፈተላት?»

«ረስቼዋለሁ፣ ልጄ።»

ደቫያኒ የቀረበላትን ሻይ ሳትነካ ተነሳች። ሽማግሌው እየተንገዳገዱ ከሣጥን ውስጥ ምስጥ የበላው መጽሐፍ አወጡ፤ ሲተረጉሙ የተጠቀሙበት እንግሊዝኛው ነው። ዘረጉላት። ሳታመሰግን ተቀበለች።

አውቶቡስ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ዘጠኝ አገር የዞርኩ መስሎኝ ለካ ካኑር ነው የከረምኩት!»

ዘጠኙን አገሮች እንዳልተነበቡ ቆጥራ እንደገና ዝርዝሩ ላይ ጻፈቻቸው፤ የተሰረዙት ስምንት ብቻ ሆኑ። ሁለቱን ምዕራፎች መዝገበ ቃላት ይዛ፣ በቀን አንድ ገጽ፣ ከእያንዳንዱ ቃል ጋር እየተጣላች አነበበች። ሁለት ወር ፈጀባት። ስትጨርስ ቤቴ ድረስ መጣች።

«በሩን የከፈተላት የለም! በጓሮ ዞራ፣ አጥር ዘላ ገባች፤ አባቷ ሞቶ፣ ቤቱን የማታውቀው ሰው ይዞታል። ዋናው ነገር እኮ ይሄ ነው! ይሄንን ነው መምህሩ የቆረጡት!»

ከዚያ ሁለቱን ምዕራፎች ራሷ በማላያላም ጻፈችና የቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ በሙጫ ለጠፈቻቸው። ፓቪትራን «የሕዝብ ንብረት ላይ እንዴት...» ብሎ ሲጀምር፣ «ደፋር ከሆንክ ገንጥለው» አለችው። አልገነጠለውም።

ዓመቱ ሲያልቅ አሥራ ሦስት አገር ላይ ነበረች። ያልተሰረዙትን አሥራ ሰባት አገሮች እያየች አሁንም ትነጫነጫለች።