ለጸጋዬ ያመጣሁት የግመል ወተት

ትናንት ጠዋት ባሌ ጸጋዬ አፉን ፈታ... ከስንት ወር በኋላ!

ጣልያን ቤታችንን ካቃጠለና ወንድሙን ከገደለበት ወዲህ፣ ያ አንኮበርን በሳቅ የሚያናውጥ ሰውዬ በተጠለልንባት ጎጆ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እህል አያሰኘውም። ጭብጥ ቆሎ ከቀመሰ ያ ቀን ለኔ ዓመት በዓል ነው። ጠበሉም፣ ልመናውም፣ ቁጣውም ተሞከረ... ደከመኝ፤ እውነቴን ነው፣ ደከመኝ።

ከወር በፊት ለገበያ ዓልዩ አምባ ስወርድ፣ በርበሬ ነጋዴዋ ሸምሲያ አየችኝና «ምነው እህቴ፣ አመድ መሰልሽ?» አለችኝ። የጸጋዬን ነገር ዘረገፍኩላት።

«ደረቅ ቆሎ ብቻ የሚበላ ሰው ልቡስ እንዴት አይደርቅ? እኛ ቤት እንዲህ የከፋውን ሰው የግመል ወተት እናጠጣዋለን። ወላሂ፣ ቀስ በቀስ ይነሳል።»

«በስመ አብ! ክርስቲያን የግመል ወተት ጠጥቶ? የንስሐ አባቴ ቢሰሙ ደጀ ሰላሙን አያስረግጡኝም!»

«እንግዲያው ቅበሪው» አለችና ከቤቷ የግመሉን ወተት በቅል ሞልታ ሰጠችኝ።

ለጸጋዬ የላም ነው አልኩት። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ቀኑ ያን ቁልቁለት መውረድ፣ ያን ዳገት መውጣት ሆነ ሥራዬ። ረቡዕና ዓርብ ግን አልሰጠውም፤ ጾም ነዋ! የግመሉን ኃጢአት ችላ ብዬ ጾሙን መጠበቄ እኔኑ ያስቀኛል።

ሰውዬው ቀስ በቀስ ቀና አለ። ደጅ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ ጀመረ። ቃል ግን የለም።

ትናንት ዋንጫውን ስሰጠው ተጎነጨና «የማን ላም ናት?» አለኝ።

«የ... የጎረቤት።»

«ጨው ጨው ትላለች።»

ክው አልኩ።

«እኔ ቆላ ወርጄ የማላውቅ መሰለሽ? ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ጠጣህ?»

«ያን ሁሉ ዳገት ተሸክመሽ ያመጣሽውን እንዴት ልድፋው?» አለና ትክ ብሎ አየኝ። «አንቺስ... ምን በላሽ?»

እኔም ከቆሎ በቀር የቀመስኩት ነገር እንደሌለ ትዝ ያለኝ ገና ያኔ ነው። ይህን የጠየቀኝ ሰውም አልነበረም።

ዋንጫውን ወደኔ ገፋ አደረገው። «ጠጪ። ንስሐውን አብረን እንገባለን» ብሎ ፈገግ አለ።

እያለቀስኩ ጨለጥኩት። አባ ስንት ስግደት እንደሚያዙብን እንጃ... ለመስገድም እኮ ጉልበት ያስፈልጋል።