ያልተፈታው ቋጠሮ

አዲሱ ገበያ ባለ ክሊኒክ ውስጥ በሆዴ ተኝቻለሁ። ፊዚዮቴራፒስቷ የከረመ የጀርባ ሕመሜን ለማስታገስ፣ ጡንቻዬን የሸፈነውን ስስ ሽፋን በጣቶቿ ቀስ እያለች ትገፋለች። በእጇ ያሞቀችው ዘይት ሲሸተኝ ልጅ ሳለሁ የኖርንበት የቀጨኔው ቤታችን ታወሰኝ።

ሸማኔው አባቴ ጀርባው አልቀና ብሎት መደቡ ላይ ተኝቷል። ወጌሻዋ እትዬ ብርቄ በዘይት ታሸዋለች።

«ድርህ ተወሳስቧል፤ እፈታዋለሁ» አለችው።

«ማጉንም አደራ። ለበዓል የማደርሰው ጋቢ አለብኝ» አላት።

ከወገቡ ከፍ ስትል እጇ ቆመ። ደግማ ዳሰሰችና፣ «ይሄ ቋጠሮ ግን አይፈታም» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አባቴ አልፈታ ያለ ክር ሲገጥመው በምላጭ ቆርጦ ይቀጥለው ነበር። ስለዚህ ሮጬ ምላጩን አመጣሁላት። እሱ ከት ብሎ ሳቀ። እትዬ ብርቄ አልሳቀችም። አባቴን ከቀበርን በኋላ ጋቢውን ሌላ ሸማኔ ጨረሰው።

አሁን የፊዚዮቴራፒስቷ ጣቶች ከወገቤ ከፍ ብለው ቆሙ። ደግማ ዳሰሰችኝ።

«አይፈታም?» አልኳት።

«መጀመሪያ ራጅ ይነሱ፣ እማማ» አለችና ዘይቱን ከጀርባዬ ጠረገች።

እንደ አባቴ ለመሳቅ ሞከርኩ።