እናቴ መንጃ ፈቃድ ያወጣች ጊዜ

እናቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራ ጡረታ በወጣች በወሩ፣ ምሳ እየበላን ሳለ "መኪና መንዳት ልማር ነው" አለችኝ። የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ሁለታችን ብቻ ነን። የአባቴ መኪና እሱ ካረፈ ወዲህ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች፤ አልፎ አልፎ እኔ አንቀሳቅሳታለሁ።

"እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ?"

"ታዲያ በየትኛው ልማር? በሃያዎቹ እናንተን ስወልድ፣ በሠላሳዎቹ ሳሳድግ፣ ከዚያ አባትሽን ሳስታምም ነበርኩ። ጊዜ ያገኘሁት አሁን ነው።"

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ያሰብኩላት ቤተ ክርስቲያንና እረፍት ነበር።

ማሰልጠኛ ተመዘገበች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ እኔም አለማምዳት ጀመር። አንድ ቀን አደባባዩ ላይ ሞተሩ ጠፋባት። ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ለቀቀው። ደንግጬ "ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮኑን ርገጪ አልኩሽ እኮ!" ብዬ ጮኽኩባት።

የሚኒባሱ ሹፌር አልፎን ሲሄድ አንገቱን አወጣና "አይዞዎት ማዘር፣ ቀስ ብለው" አላት። ከእኔ እሱ ተሻለ።

እናቴ እንደምንም አስነስታ ዳር ይዛ ቆመች።

"'ለ'ን ከ'ሰ' ለመለየት ስንት ጊዜ እንደፈጀብሽ ታስታውሻለሽ? አንድ ቀን ጮኼብሽ አውቃለሁ?"

"አታውቂም። ይቅርታ እማዬ።"

"በይ፣ እንደገና እንሞክር።"

የመጀመሪያውን የተግባር ፈተና ወደቀች፤ ወደ ኋላ ስትሄድ በመሃላቸው እንድትገባ ከቆሙት ምልክቶች አንዱን ገጨችው። በሦስተኛው ቀን ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዛ ወረደችና ግቢው ውስጥ አቁማ፣ በመሃላቸው መኪናዋን ማስገባት ተለማመደች። ጎረቤቶች በረንዳ ላይ ወጥተው "ትንሽ ወደ ቀኝ ቲቸር!" ይሏት ነበር። ጀሪካኖቹ ተጨማደዱ፤ እሷ ግን በሁለተኛው ፈተና አለፈች።

አሁን ረቡዕ ረቡዕ ወሎ ሰፈር ያለች የድሮ የሥራ ባልደረባዋን ልትጠይቅ ብቻዋን ትነዳለች። ባለፈው ዘገየችብኝና ደጋግሜ ደወልኩ፤ አታነሳም። በረንዳ ላይ ቆሜ ስጠብቅ መኪናዋ በግቢው በር ገባች። እየሮጥኩ ወረድኩ።

"ምነው ስልክ አታነሺም?"

"እየነዳሁ እኮ ነበር" አለችኝ ገርሟት። "ኢምፔሪያል ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ነው። ነይ እስቲ፣ ከኋላ ወንበር የገዛሁትን ፓፓያ አንሺልኝ።"