በጣይባ መሬት ላይ የተቀመጠችው ጀልባ

ጣይባ ከአባቷ የወረሰችው መሬት ስፋቱ አንድ ጥማድ አይሞላም። ነገር ግን ከሮቢ ወንዝ የሚጠለፈው ቦይ በራስጌው ስለሚያልፍ በየዘጠኝ ቀኑ ከጠዋት እስከ ቀትር የሚደርስ የውሃ ተራ ነበረው። በሸዋ ሮቢት ቆላ በጋውን ሁሉ ለምልሞ የሚከርም ማሳ ያለው ሰው ጥቂት ነው። እሷ ደግሞ ሽንኩርት የሚታዘዝላት ሴት ነበረች። ክረምት ማሾ፣ በጋ ሽንኩርት፤ ከዚህ ሌላ ከዱንያ የፈለገችው ነገር አልነበረም። ጀልባማ በሕልሟም አልፈለገችም።

ጀልባዋ የመጣችው ጣልያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ጣይባ እህቷን ራቢዓን አራስ ልትጠብቅ ማጀቴ በሄደችበት ወር ነው። መንገድ ሥራው ላይ የነበረ አንድ ጣልያናዊ መሐንዲስ ዓሣ ማጥመድ ይወዳል አሉ። ዝዋይ ሐይቅ ላይ ሊንሸራሸርባት ብሎ በናፍጣ የምትሄድ፣ ጋቢና ያላት፣ በጋቢናዋም ውስጥ ሁለት መኝታና አንድ ጠረጴዛ የተገጠመላት ጀልባ ከአሰብ አስጫነ። ካሚዮኑ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ መጥቶ የጣርማ በርን ጠመዝማዛ መታጠፍ አቃተው። ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሁለት ጊዜ የኋሊት እየተንፏቀቀ ወረደ። ለሁለት ሳምንት ብቻ ጀልባዋን የሚያስቀምጥለት ሰው ሲጠየቅ እጁን ያወጣው የጣይባ ባል አብዱልመጂድ ሆነ።

አብዱልመጂድ በወጣትነቱ አሥራ አንድ ዓመት አሰብ ላይ የጀልባ ሞተር ሠራተኛ ነበር። አባቱ ሲሞቱ ወደ አገሩ ተመለሰና እርሻ ጀመረ። ሰውዬው ክፋት የለበትም፤ ይጸልያል፣ አይዋሽም፣ የሰው አይነካም። ግን በሬ ሲጠምድ እንኳ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ቤት ውስጥ በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ያ ቀን ወሬ የበዛበት ቀን ነው። ጀልባዋን ሲያይ ምን እንደሆነ አላህ ይወቀው፤ ለመንገዱ ቅርብና ደልዳላ የሆነው ቦታ የትኛው ነው ሲሉት የሚስቱን የሽንኩርት መሬት አሳየ።

ጣይባ ከአርባ ቀን በኋላ ስትመለስ መሬቷ መሐል ከቤቷ የሚበልጥ ነጭ ነገር የውሃውን መውረጃ ዘግቶ፣ በግንድና በድንጋይ ተደግፎ ተቀምጧል። ባሏ ከላዩ ሆኖ ፈገግ ብሎ ቁልቁል አያት። ሁለት ሳምንት ነው የሚቆየው አላት።

ሁለቱ ሳምንት ሁለት በጋ በላ። ካሚዮኑ ለሌላ ሥራ ተፈለገ፣ መሐንዲሱ ደብዳቤ ጻፈ፣ መልስ አልመጣም። በመጨረሻም አውሮፓ ውስጥ ጦርነት ተነሥቶ መሐንዲሱ ለውትድርና ተጠራ። የሄደ ዕለት ማኅተም ያለበት ወረቀት ለአብዱልመጂድ አስጨበጠው። ለጥበቃህ ሰጥቼሃለሁ፣ ሽጣትና ተጠቀምባት የሚል ነው። ጣይባ አልሐምዱሊላህ አለች። ዕቃው የራሳቸው ከሆነ በሳምንት ተሽጦ መሬቷ ይለቀቃል ብላ ነበር። ባሏን በደንብ ታውቀዋለች ስትባል የኖረች ሴት ይህን ማሰቧ ኋላ ላይ ራሷንም አስገረማት።

ጀልባዋ በእርግጥ ዓይን ታጠግባለች። አብዱልመጂድ በየሐሙሱ ሞተሩን ያስነሣል፤ ናፍጣውን ከካሚዮን ነጂዎች እየለመነ በጠርሙስ ያጠራቅማል። ነሐሱን በአመድ ያሻል፣ ብረቱን ዘይት ይቀባል፣ ቀለሟ በተሰነጠቀበት ይለቀልቃል። የቤታቸው ጣሪያ ሁለት ክረምት አፍስሷል፤ የጀልባዋ ጣሪያ ጠብ ብሎ አያውቅም። ጎረቤቶቿ ውሃ ሲቀዱ ጣውንትሽ እንዴት አደረች እያሉ ይጠይቋት ጀመር። መጀመሪያ ትስቅ ነበር፤ ኋላ ግን በሌላ መንገድ እየሄደች መቅዳት ጀመረች።

ገዥ አልጠፋም። ችግሩ እንደ ጀልባ የሚገዛት አለመኖሩ ነው። የቀወት ገበሬ ሽፈራው ሳንቃዋን ለበርና ለጎተራ ፈለገ። መንገድ ዳር ጠጅ የምትሸጠው ሸዋዬ ጋቢናዋን እንዳለ ወስዳ የእንግዳ ክፍል ልታደርገው አሰበች። ብርሃኑ የሚባል የደብረ ሲና ባለ ወፍጮ ደግሞ ሞተሩን ብቻ አለ። አብዱልመጂድ ሁሉንም በትሕትና ሸኛቸው። ወይ ሙሉዋን ይውሰዱ ወይ ይተዉ፤ በሬ ቆሞ ሳለ ቀንዱን ቆርጦ የሚሸጥ ሰው አይቼ አላውቅም አለ። ጣይባ ከበሬው ጋር ምን አገናኘው ብላ ጠየቀች። እሱ አመዱን አንሥቶ ነሐሱን ማሸት ጀመረ።

ከሁሉ የከፋው ግን የጨው ነጋዴው የሷሊሕ ጉዳይ ነው። ሷሊሕ አውሳ ዘመድ አለው፤ ጀልባዋን ሙሉዋን ገዝቶ በአዋሽ ላይ ጨው ሊያመላልስባት ቆርጦ መጣ። የሚያወጣት ካሚዮንም አግኝቷል። ጣይባ ከበሩ ኋላ ቆማ አደመጠች። አብዱልመጂድ ሞተሩን አስነሣ፤ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ከዚያ በዲኑ ሻጭ የዕቃውን እንከን መደበቅ ስለማይገባው አንድ በአንድ ተናገረ፤ አንዱ መስኮት አይዘጋም፣ መሪዋ ወደ ግራ ትንሽ ይከብዳል። ሷሊሕ ይሁን አለ። እዚህ ላይ አፉን ቢይዝ ምን ነበረበት? ቀጠለና በጋ ላይ አዋሽን ግመል እንደሚሻገረው፣ የጀልባዋ ሆድ አሸዋው ላይ እንደሚቀር፣ ክረምት ላይ ደግሞ ወንዙ ግንድ ይዞ እንደሚወርድ፣ ከዚህም ከተረፈች ጉማሬ እንዳለ አስረዳው። ሷሊሕ አመሰገነው፣ መረቀውም፤ ከዚያ በቅሎው ላይ ወጥቶ ሄደ።

ጣይባ ባሏን በአንቱታ እንጂ ጠርታው አታውቅም። ያን ቀን እንኳ አንቱታውን አልተወችም።

«የጀልባዋን እንከን መናገር ዲን ነው፣ እሺ» አለችው። «የአዋሽን እንከን ይንገሩ ያለዎት ማን ነው?»

«አውቄ ዝም ብል እኔ ነኝ የምጠየቅበት» አላት።

ይህን የመሰለ ሰው ላይ እንዴት ይጮኻል? መጮኹ ቀርቶባት የማሾ ገለባ እየረገጠች ዋለች።

በኅዳር መግቢያ የውሃ አባቱ አብዱረሂም መጡ። የቦዩን ውሃ የሚያከፋፍሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሽማግሌ ናቸው። ቅዳሜ ሳምንት የቦይ ጠረጋ ነው፤ ከጠረጋው በኋላ ተራ ይደለደላል። ሕጉን አባቷም ያውቁት ነበር፤ ሦስት በጋ ሳይዘራበት የቀረ መሬት ተራውን ያጣል፣ ውሃውም ተራ ለሌለው ሰው ይሰጣል። የእሷ መሬት ሁለት በጋ አልፎታል። «ልጄ፣ ውሃ ለዘር ነው የተሰጠው» አሏት ቀስ ብለው፤ «በዚያ ቀን መሬቱ ታርሶ ካላየሁት ለአንቺ ብዬ ሌላውን ልበድል አልችልም።» እሷም አልለመነቻቸውም። ትክክል መሆናቸው ነው ይበልጥ ያናደዳት። አንድ ጊዜ የሄደ ተራ ደግሞ ለልጅ ልጅም አይመለስም።

አብዱልመጂድ ይህን ሲሰማ ደንግጦ ተነሣ። ደሴ አንድ ጣልያናዊ ሐይቅ ላይ የሚሄድ ጀልባ እየፈለገ ነው የሚል ወሬ አጣዬ ገበያ ሰምቶ ነበርና በቅሎ ተውሶ ሊሄድ ቆረጠ። ደርሶ መልስ አሥር ቀን ነው። ሲነሣ በአብዱረሂም ፊት፣ እኔ በሌለሁበት ገዥ ቢመጣ ጣይባ ወኪሌ ናት፣ ብትሸጥ እንደ እኔ ነው አለ።

«እንከኗን ብቻ እንዳትደብቂ» አላት በቅሎው ላይ ሆኖ።

በቅሎው ከመንገዱ እጥፋት እንደተሰወረ ጣይባ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። መጀመሪያ ቀወት፣ ቀጥላ ሸዋዬ ቤት፣ ወደ ደብረ ሲና ደግሞ በካሚዮን ነጂ መልእክት ላከች። ዋጋዋ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ የፈለጋችሁትን በራሳችሁ ሰውና በራሳችሁ ጉልበት ፍቱት፣ ተሸክማችሁ ውሰዱት፣ መሬቱን አርሳችሁ አለስልሳችሁ አስረክቡኝ። በማግሥቱ ሽፈራው አራት ጥማድ በሬና መጥረቢያ ይዞ መጣ። ሸዋዬ ሃያ ሰው አስከትላ ደረሰች።

ለእያንዳንዱ ተናገረች። ለሽፈራው ከታች ካሉት ሳንቃዎች ሦስቱን ምስጥ እንደጀመራቸው፣ ለሸዋዬ አንዱ መስኮት እንደማይዘጋ። ሸዋዬ የጠጅ ቤት መስኮት ባይዘጋ ይሻላል አለች። ጋቢናው በሃያ ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ በመንገዱ ሲሄድ ጣይባ አላየችውም። አለማየቷ ሆን ብላ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ከጀልባዋ የቀረው በግንድ ላይ የተቀመጠው ሞተር ብቻ ሆነ። ብርሃኑ ስምንት ሸክመኛና ሁለት ወፍራም አጣና ይዞ መጣ። ሞተሩን ዞሮ ዞሮ አየው፣ በጣቱ ነካው፤ ጣቱ ላይ እድፍ አልወጣም። እንከኑን ንገሪኝ አላት። ጣይባም ዞር ዞር ብላ አየችው። ያስታወሰችው ሐሙስ ሐሙስ ባሏ ከጀልባዋ ሲመለስ የሚያወራው ወሬ ነው። ዛሬ በአንድ ጊዜ ተነሣ፣ ዛሬ ድምፁ ጠራ፣ አሰብ ላይ እንዲህ ያለ አንድ ነበር እያለ እራት እስኪቀርብ ያወራል። ከአሰብ ከተመለሰ ጀምሮ በየሳምንቱ እንደዚያ ያወራበት ዘመን እነዚህ ሁለት ዓመታት ብቻ ናቸው። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ተናዳ ነበር የምትሰማው፤ ግን ሰምታዋለች።

«ሞተሩ አይሸጥም» አለች።

ብርሃኑ ከደብረ ሲና ድረስ አስጠርታው ይህን ማለቷ ቢያበሽቀው አይፈረድበትም። ምን ያህል ጊዜ እንደለመናትና ምን ምን እንዳላት መናገሩ አይጠቅምም። ሸዋዬ በጠጅ አብርዳው ሸኘችው። ሞተሩን የሽፈራው ሰዎች በአጣና አንጠልጥለው እቤት አገቡት፤ በሩ ስላልበቃ አንዱ መቃን ተነቀለ። የተቀመጠው የማሾ ጎተራዋ የነበረበት ጥግ ነው። ጎተራው ውጭ አደረ።

ቅዳሜ ዕለት አብዱረሂም ቦዩን ካስጠረጉ በኋላ መጥተው የታረሰውን መሬት በዱላቸው ጫፍ ፈተኑ። ተራዋንም በቀድሞው ቦታ አስገቡላት።

የመጀመሪያው ውሃ በወረደበት ጠዋት ጣይባ ከጎረቤት ያገኘችውን የሽንኩርት ችግኝ ደርድራ ተክላ ጭቃ ውስጥ ቆማ ነበር። አብዱልመጂድ በበቅሎው መጣ። ብቻውን ነው። የደሴው ጣልያናዊ ጀልባዋን ሙሉዋን ሊወስድ ተስማምቶ ነበር፤ አብዱልመጂድ ግን በመንገዱ ላይ የትኞቹ ድልድዮች እንደማይችሏት ሲቆጥርለት ሰውየው ሐሳቡን ለወጠ። ይህን ከበቅሎው ሳይወርድ ተናገረ። ከዚያ ቀና ብሎ አየ። ጀልባዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ውሃ ይብለጨለጫል።

ጣይባ የሚመጣውን ለመቀበል ወገቧን ይዛ ቆመች። አሥር ቀን ሙሉ መልስ ስታዘጋጅ ነበር።

«እንከኗን ነገርሻቸው?» አላት።

«ነገርኳቸው።»

«የሞተሩንስ?»

«እንከን አጣሁበት። እንከኑን ያልተናገርኩትን ደግሞ አልሸጥም። እቤት ነው፣ ገብተው ይዩት። ውሃውን እኔ እጠብቃለሁ።»

አብዱልመጂድ ከበቅሎው ወረደ። የተነቀለውን መቃን፣ ውጭ ያደረውን ጎተራ፣ በበሩ ክፍተት የሚታየውን የሞተሩን ጫፍ አየ። ወደዚያ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ። ከዚያ ጫማውን አወለቀ፣ ሽርጡን ከፍ አድርጎ ታጠቀና ወደ ማሳው ገባ።

«ሞተሩ የትም አይሄድም» አለ፤ «ውሃው ግን ቀትር ላይ ያበቃል።» ዶማውን ከእጇ ወሰደ።

ቦዩን የቆረጠው በማይሆን በኩል ነበር። ግማሹ ውሃ ወደ ጎረቤት ማሳ መፍሰስ ጀመረ። ጣይባ ዞራ ሄደችና በእግሯ ጭቃ ገፍታ ደፈነችው።